እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ በዚያ ቅዳሜ ምንም አላጠፋሁም። እሺ፣ የመኪናዬ ቦሎ ጊዜው አልፎ ነበር። እሺ፣ ስልኬንም እየነዳሁ አንድ ሁለቴ አየት አድርጌያለሁ። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ግን በዚያ ጠዋት ከየካ አባዶ እንደ እኔ ሕግ አክብሮ የወጣ ሹፌር ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ልክና ስሕተት ለይቼ አውቃለሁ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከልጄ ነው። ልጄ የዛሬ ሦስት ዓመት ልታገባ ስትል «እማዬ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዢልኝ» ብላ አንድ ቡችላ አስታቅፋኝ ሄደች። ሁለቱ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም። ቡችላው ግን ቡችላነቱን ጨርሶ ጥጃ አክሏል። መልኩ የተቆላ ገብስ ስለሚመስል ቆሎ እንለዋለን። እኔ ውሻ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ይህም ይታወቅልኝ። አልጋዬ ላይ የሚተኛው ሌላ ቦታ ስለማይመቸው ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ አለ። የውኃ ማጠራቀሚያችን ማንጠባጠብ ከጀመረ ዓመት አልፎታል፣ የደረጃው መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፣ ኮሚቴው አንዱንም አላየም። ቆሎን ግን አየው። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ «የክትባት ወረቀት የሌለው ማንኛውም ውሻ ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ በኋላ ከግቢ ይወጣል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ማንኛውም ውሻ! በግቢያችን ውስጥ ያለው ውሻ ስንት ነው? አንድ። በስሙ ቢጽፉት ወረቀትም ይቆጥቡ ነበር።

ቆሎ ከግቢ ወጣ ማለት ጎዳና ወጣ ማለት ነው። የልጄ አከራይ ውሻ አይፈቅዱም፣ ሌላ ዘመድ ደግሞ የለውም። እንኳን ጎዳና ሊያድር ዝናብ ሲጥል እንኳ እግሩን ማርጠብ የሚጠላ ውሻ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር፤ ለኮሚቴው ግን አላሳየሁም።

ስጠያይቅ እንጦጦ ፓርክ አካባቢ ለሚከራዩት ፈረሶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም መኖሩን ሰማሁ። ደወልኩለት። «ከስድስት ሰዓት በፊት ከደረሱ እከትብልዎታለሁ፣ ወረቀቱንም እዚያው እሰጥዎታለሁ» አለኝ። «በቅርቡ ሰው ነክሶ ከሆነ ግን አሥር ቀን ሳልከታተለው ወረቀት አልሰጥም።» እኔም ቆሎ እንኳን ሰው ሊነክስ አጥንት ሲነክስም አስቦበት ነው አልኩት።

ይህን የሰማች ልጄ በቴሌግራም አንድ ዝርዝር ላከችልኝ። «ውሻ ይዘሽ ስትነጂ ትራፊክ ቢያስቆምሽ ማድረግ ያለብሽ» ይላል። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከኮተቤ እንዳላመጣችው ግን እርግጠኛ ነኝ። ውሻውን ከኋላ በቀበቶ እሰሪ። ቀስ ብለሽ ዳር ያዢ። ሞተሩን አጥፊ። መስኮቱን በትንሹ ክፈቺ። ሁለቱንም እጅሽን መሪው ላይ አድርጊ። ውሻው እንዳይደነግጥ ከመኪናው አትውረጂ። ፖሊሱ ሲመጣ ውሻ እንዳለ አስቀድመሽ ንገሪው።

ፖሊሱ ሲመጣ! እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ ከተማ ፖሊሱ መቼ ነው የሚመጣው? ፊሽካው ሲነፋ ሹፌሩ ነው በሩን እንኳ በቅጡ ሳይዘጋ መንጃ ፈቃዱን ይዞ የሚሮጠው። ሄዶም ምን እንዳጠፋ ሳይጠይቅ «ይቅርታ አለቃ» ብሎ ይጀምራል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ስለ ልጆቹ ያወራል። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስሮጥ ኖሬያለሁ። ልጄ ግን «እማዬ፣ አንዱን ብትዘይ ቆሎ ነው የሚጎዳው» ብላ አስፈራራችኝ። ስለዚህ ከቤት እስከ ኮተቤ ድረስ ዝርዝሩን ስሸመድድ ሄድኩ። ስልኬን እየነዳሁ ያየሁት ለዚህ ነው። ለደኅንነት!

ከኮተቤ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት እንደጀመርኩ ፊሽካ ተነፋ። ቀና ብል ነጭ ቆብ ያደረገ ወጣት ትራፊክ ከባሕር ዛፍ ሥር ሆኖ እጁን ዘርግቷል። እግሬ እንደ ልማዱ ሊወርድ ነበር። ያዝኩት። ዳር ያዝኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ መስኮቱን አራት ጣት ያህል ከፈትኩ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ቆሎ ከኋላ በቀበቶው ታስሮ አንገቴ ላይ ይተነፍሳል።

ትራፊኩ እኔን ያያል። እኔ ትራፊኩን አያለሁ። እሱ ከዛፉ ሥር ንቅንቅ አይልም፤ እኔም ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም። በእጁ ነይ አለኝ። እኔ በእጄ ና እንዳልለው እጄ መሪው ላይ ነው፤ ስለዚህ በአገጬ ና አልኩት። በመልካም ልብ ነው ያልኩት። እሱ ግን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ጀርባውን ለዛፉ ሰጠ። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

አምስት ሰዓት ሞላ። ሁለታችንም እዚያው ነን።

በዚህ መሐል ጥቁር ጃንጥላ እንደ ከዘራ የሚመረኮዙ አንድ ሽማግሌ ዳገቱን ሲወጡ መጡ። በአገራችን ሁለት ሰው ተፋጥጦ ካዩ በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነውና መስኮቴ አጠገብ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም አባባ። እሱ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።»

«እሱ? ወደ አንቺ?»

«መመሪያው እንደዚያ ይላል።»

«የማን መመሪያ?»

«የልጄ።»

ሽማግሌው እኔን አዩ፣ እጆቼን አዩ፣ ቆሎን አዩ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና «ቆይ፣ እኔ ላነጋግራችሁ» ብለው መንገዱን ተሻገሩ። ከባሕር ዛፉ ሥር ብዙ ተወራ። ተመልሰው መጡ።

«በአገጭ ጠራችኝ ይላል። በጣም ከፍቶታል።»

«እጄ መሪው ላይ ነው አባባ! በምን ልጥራው ታዲያ?»

ይህንን ይዘው ሄዱ። ተመለሱ። «እጇ ምን ሆኖ ነው ይላል። አሟት ነው ወይ አለኝ።» ደግሞ ሄዱ። ደግሞ ተመለሱ። በአራተኛው ላይ ድካም ተጫናቸውና ክርናቸውን የመኪናዬ ጣራ ላይ አሳርፈው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ያጠፋሽው ነገር አለ? እውነቱን ካላወቅኩ በምን አፌ እለምንልሻለሁ?»

ለሽማግሌ ይዋሻል? እኔ አልዋሸሁም። ቦሎው ሦስት ሳምንት እንዳለፈው፣ ስልኬንም እንዳየሁ፣ ያየሁትም ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። «ጎሽ፣ የእኔ ልጅ» ብለውኝ ሄዱ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሳቸው እዚያ ማዶ ለትራፊኩ በጣታቸው ሲቆጥሩለት አየሁ። አንድ፣ ሁለት። ትራፊኩ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ምን አሉት አባባ?» አልኩ ገና ሳይደርሱ።

«እውነቱን ነዋ! አዎ አጥፍታለች፣ ቦሎዋም አልፏል፣ ስልክም ታይ ነበር፤ ግን ከልቧ ተጸጽታለችና ማራት አልኩት።»

«እሱስ?»

«እሱማ ገረመው። እኔ ያስቆምኳት እስከ እንጦጦ እንድትተባበረኝ ነበር አለ።»

የሰው ልጅ መሳፈር ከፈለገ «ወደ ላይ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም? ፊሽካ ይነፋል? በሙሉ የደንብ ልብስ፣ በሙሉ ሥልጣን አስቁሞ፣ ግማሽ ሰዓት ዛፍ ተደግፎ፣ ከዚያ ትብብር? እኔም አልቀረሁም! ማንም ያልጠየቀኝን ኃጢአት በሽማግሌ እጅ ልኬ አስቆጠርኩ። ሽማግሌው ግን ሥራቸውን በሚገባ የሠሩ ሰው ናቸውና የፊቱን በር ከፍተው ገብተው ተቀመጡ። «እኔም ወደ ላይ ነኝ» አሉ።

ትራፊኩ ዕርቅ መውረዱን አይቶ በመጨረሻ መጣ። በመስኮቱ ጎንበስ ሲል ቆሎ ከኋላ አንገቱን አስግጎ አየው። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቆቡ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

ዝርዝሩ ትዝ አለኝ። «መኪናው ውስጥ ውሻ አለ» አልኩት።

«አየሁት እማማ» አለ።

እማማ! ገና ስድሳ እንኳ አልሞላኝም። ይህንን ግን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት፤ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፣ ሐኪሙ ስድስት ላይ ይሄዳል። «ግባ እንሂድ» አልኩት። ከፊት ሽማግሌው ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተደላድለዋል። ትራፊኩ ደግሞ በዕድሜ አባቱን የሚያህሉ ሰው አስነሥቶ ከፊት የሚቀመጥ ልጅ አይደለም፣ ያንን እመሰክርለታለሁ። የኋላውን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ላይ ተራ እስኪለውጠው የሚጠብቀው ባልደረባው ከንጋት ጀምሮ ቁርስ ሳይበላ ቆሟል፤ ታክሲ ደግሞ ወደዚያ አይወጣም። ዓይኑን ጨፈነና ገባ።

ጨፍኖ ስለገባ የቆሎ ጭራ ላይ ተቀመጠ።

ቆሎ ጮኸ። ትራፊኩም ጮኸ። ዞር ስል የልጁ ነጭ እጅጌ ቆሎ አፍ ውስጥ ነው። ወዲያውም ለቀቀውና በሠራው ሥራ አፍሮ የልጁን እጅ ይልስ ጀመር፤ እሱም ይህኛውን የባሰ ፈራው። ጭራውን ለማስለቀቅ ሁለቱ ሲታገሉ የቆሎ ቀበቶ ተፈታ፤ ያኔ ግን ማናችንም ልብ አላልንም። ሁላችንም የምናየው እጅጌው ላይ ያለውን ቀዳዳ ነው።

«ነከሰው!» አሉ ሽማግሌው።

«አልነከሰውም!»

«በዓይኔ አይቻለሁ ልጄ።»

እኚህ ሰው ያዩትን የማይናገሩበት ቀን እንደሌለ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፈጀ ትውውቃችን አስተምሮኛል። አሥር ቀን! ስብሰባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ዳገቱን ተያያዝኩት፤ ትራፊኩ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። ቆሎ አገጩን ቆቡ ላይ አሳረፈ።

ትንሽ እንደሄድን ልጁ ድምፁን አገኘ። «ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ነበር» አለ። «ሆዴ ላይ ስንት መርፌ እንደተወጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።» ከዚያ ደግሞ ፖሊስነቱ መለስ አለለትና «እማማ፣ ሁለተኛ ትራፊክ ሲያስቆምዎት እንደዚያ ቁጭ ብለው እንዳያዩ። ንቀት ነው የሚመስለው። ወዲያው ወርደው ይሂዱ» አለኝ። ሽማግሌውም «ልክ ነው» ብለው አጸደቁ። እኔም ለሁለት መንግሥት የምገዛ ሆንኩና እሺ አልኩ።

እንግዲህ እሺ ካልኩ እሺ ነው። ፓርኩ አጠገብ ስንደርስ ሌላ ፊሽካ ተነፋ። ቁርሱን ያልበላው ባልደረባ ነው፤ ለምን እንዳስቆመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ረኃቡ ይሆናል። እኔ ግን በዚህኛው ማንም ናቀችኝ እንዳይል ሞተሩን አጥፍቼ፣ መንጃ ፈቃዴን መዝዤ፣ በሩን ወለል አድርጌ ትቼ «ይቅርታ አለቃ!» እያልኩ ሮጥኩ። አንድም ነገር አላጓደልኩም። ቆሎ በፊት ወንበር ላይ ተንጠራርቶ በተከፈተው በር ወጣና አጠገቤ አለፈ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም።

እዚያ ጋ ፈረሶች አሉ፤ የሄደውም ወደ ፈረሶቹ ነው። እኔ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ በእንጦጦ አየር፣ በባለ ተረከዝ ጫማ ከኋላው። ከእኔ ኋላ ውሻ የሚፈራው ትራፊክ ፊሽካውን እየነፋ። ከሱ ኋላ ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ዘርግተው። ለመዝናናት የመጡ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹናል፤ አንድ እግዜር የፈጠረው ሰው ግን አንድ ውሻ አልያዘልንም። ትንፋሼ ሲያልቅ ቆምኩና አለቀስኩ። በእውነት አለቀስኩ። በሩን ትቼበት የሄድኩ እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ከግቢ ሳያስወጣው እኔው ራሴ ጎዳና አወጣሁት።

ቆሎ ግን አንድ ግራጫ ፈረስ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። ይህን የሚያህል ውሻ በዕድሜው አይቶ አያውቅምና ቂጢጥ ብሎ ቁጭ አለ። ከፈረሱ ሥር ጎንበስ ብሎ ሰኮና ሲያይ የነበረ ሰው ቀና አለና በአንገት ማሰሪያው ያዘው። «ስለ ውሻ የደወሉልኝ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ስድስት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ነበር።

ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ «አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝልኝ» አለ። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ነው። ሽማግሌው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ። ትራፊኩ ዙሪያውን አየ፤ ከሱ በቀር ስልክ ያልደገነ ሰው የለም። ተንበረከከና ቆሎን አቅፎ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። መርፌው ሲገባ ቆሎ ምንም አላለም፤ «ወይኔ!» ያለው ትራፊኩ ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱን አጠገባችን በቆመው በራሱ መኪና ኮፈን ላይ ዘርግቶ መሙላት ጀመረ። ስም። ዕድሜ። መልክ። ብዕሩን አነሣ።

«በቅርቡ ሰው ነክሷል?»

ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። እኔ ደግሞ እኚህ ሰው ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ቆሎን አየሁት። ጭራውን እየቆላ እኔን ያየኛል፤ ምን እንደተያዘበት አያውቅም።

ትራፊኩ ቀደማቸው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበና ክንዱን ሐኪሙ ፊት ዘረጋ። «ጨርቁን ያዘ እንጂ እኔን አልነካኝም። ይዩት። ጭራው ላይ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የነከሰኝ ውሻ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ይሄ አይደለም።» ሐኪሙ ክንዱን አገላብጦ አየ። ጭረት እንኳ የለበትም። ሽማግሌውም ከድንጋያቸው ተነሥተው መጡና በዓይናቸው መርምረው «እውነት ነው፤ እኔ ያየሁት ጨርቁን ነው ለካ» አሉ። ሐኪሙ «አልነከሰም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ረገጠበት።

ያንን ልጅ አንገቱን ይዤ ሳምኩት። እማማ ማለቱንም ይቅር አልኩት። መርቄው ሳልጨርስ ግን እዚያው ኮፈን ላይ፣ የሐኪሙ ወረቀት ከተነሣበት ቦታ ላይ፣ የራሱን ወረቀት ዘረጋ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የቦሎውና የስልኩ ክስ።»

«አሁን ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው? በዚያው ቦሎ አይደለም እንዴ ተሳፍረህ የመጣኸው?»

«እማማ፣ ባልሰማው አላውቅም ነበር። ሽማግሌ ቆጥሮ ከነገረኝ በኋላ ግን አልሰማሁም ማለት እንዴት እችላለሁ?» አለ፣ እውነት ጨንቆት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው» አሉ። «እኔ ነግሬዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባው ገባሁ፤ ቆሎም አብሮኝ። የክትባት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሰብሳቢው አገላብጠው አነበቡት፣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፣ በመጨረሻም «ሕጋዊ ነው» አሉና በሌላ ጉዳይ የሚናገር እንዳለ ጠየቁ። ሌላኛውን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ወደ ታች ገፋ አደረግሁት። በዚያ ቀን ከቤታችን ሕጋዊ ሆኖ ግቢ የገባው ቆሎ ብቻ ነው።